የዘሪው እጅ

በኛ ቤት የማይጣስ ሕግ ነበር። የቲማቲም ዘር መደብ ላይ የበተነ እጅ፣ ችግኙ አራተኛ ቅጠሉን እስኪያወጣ ድረስ ራሱ ያጠጣዋል። ቢያመውም ይነሣል፤ ለቅሶ ቢኖርበትም አጠጥቶ ይሄዳል። ሌላ እጅ ውኃ ካፈሰሰበት ችግኙ ይኮርፋል፤ ወገቡ ይቀጥንና አንድ ጠዋት ተኝቶ ይገኛል። ይህን የፈጠርነው እኛ አይደለንም። ድሬዳዋ ላይ ከደቻቱ ደረቅ ወንዝ አሸዋ ዳር ጉድጓድ ቆፍሮ አትክልት የሚያለማ ሰው ሁሉ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ በዚህ ያምን ነበር።

አባዬ ከሁሉም በላይ ያምን ነበር፤ ገበሬ ሆኖ አልተወለደማ። ከደጋ መጥቶ ዕድሜውን ሙሉ የባቡር ብረት ሲቀጠቅጥ የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ ከእማዬ ዘመዶች በደረሰችን ቁራሽ መሬት ላይ ቲማቲምና ቃሪያ ማልማት ጀመረ። ሥራውን ያስተማሩት ጎረቤቶቻችን ናቸው። ሰው በስተርጅና የተማረውን ነገር አጥብቆ ይይዛል፤ እሱም ከሥራው ጋር ሕጉን ተቀብሎ ከአስተማሪዎቹ በላይ አጠበቀው።

እኔ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። እማዬ «ይቺ ልጅ ምላሷ ከሷ ቀድሞ ነው የተወለደው» ትለኝ ነበር። ሕጉ ያናድደኝ ነበር። ያናደደኝ ስላላመንኩበት ብቻ አይደለም፤ አንድም ቀን «ዝሪ» ተብዬ ስለማላውቅ ነው። «የሴት ልጅ እጅ ነገ ሌላ ቤት ይሄዳል» ይላል አባዬ። እኔ ውኃ ከጉድጓድ ስስብ፣ የፍየል በጠጥ በወንፊት ስነፋ፣ አረም ስነቅል እውላለሁ። ዘሩን የሚበትነው ግን እሱ ነው።

ያን ዓመት፣ በመጋቢት፣ የአባዬ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ዘሩም ለወንድሜ ተሰጠ።

ወንድሜ ሃያ ዓመቱ ነበር። ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ያላገኘ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ለምንም ነገር የማይቸኩል ልጅ። በደርግ ዘመን ሃያ ዓመት ለወንድ ልጅ መጥፎ ዕድሜ ነው። በየቀበሌው የብሔራዊ ውትድርና ኮታ ይመጣል፤ ኮታው ካልሞላ አፈሳ ነው። ሸራ የለበሰች መኪና ትመጣና ከኳስ ሜዳ፣ ከሲኒማ ደጃፍ፣ ከሻይ ቤት ልጆቹን አፍሳ ትሄዳለች። ከሄዱት ውስጥ ደብዳቤ የጻፈ ጥቂት ነው። በዚያ ሰሞን ከተማው ጭር ብሎ ነበር። ከዚራ ሰፈር ከዛፍ ጥላ ሥር ዳማ የሚጫወቱት ጎረምሶች ጠፉ። ገበያ ውስጥ የሚታዩት ሴቶችና ሽማግሌዎች ብቻ ሆኑ። ሰው ሁሉ የመኪና ድምፅ ሲሰማ አንገቱን ያዞራል።

«ዛሬውኑ ዋሂል ይሂድ፣ ወንድሜ ዘንድ» አለች እማዬ። ዋሂል የተወለደችበት ነው። ከተማዋ ትንሽ ብትሆንም፣ ዙሪያዋ የገጠር ዘመድ ስለሞላው ሰው ለመደበቅ ይመቻል።

«አራት ሳምንት ብቻ» አለ አባዬ። «ዘርቶ፣ አራተኛ ቅጠሉን አይቶ ይሄዳል። መደቡ ከከሸፈ ዘንድሮ ምን እንበላለን?»

«መደብ በየዓመቱ አለ። እኔ ያለኝ አንድ ወንድ ልጅ ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ሲባል አልሰማህም?»

«አቦ እማዬ፣ ቲማቲም እስኪበቅል እኮ ነው» ብሎ ወንድሜ ሳቀ። እማዬ አልሳቀችም።

ዘሩ ካምናው ምርጥ ፍሬ ወጥቶ፣ በአመድ ታሽቶ፣ በጨርቅ ተቋጥሮ ከጣሪያው ማገር ላይ የከረመ ነው። አፈሩን እኔ ነፍቼ፣ ከበጠጥ ጋር ቀላቅዬ፣ በመዳፌ ደልድዬ ሰጠሁት። ወንድሜ ዘሩን ከደቃቅ አሸዋ ጋር አደባልቆ፣ በሦስት ጣቱ እየቆነጠረ፣ መስመር መስመሩን ይዞ በተነ። በላዩ ደረቅ ሣር ጎዘጎዘ። የዱቄት ወተት ጣሳ ሥሩን በምስማር በሳስቶ አዘጋጅቶ ነበር፤ በሱ ሲያጠጣ ውኃው እንደ ካፊያ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ነፋስ አልነበረም። ከአጥሩ ወዲያ ሰው ቆሞ ሲያየን እንደቆየ ያወቅነው ሲናገር ነው።

«ዘንድሮ የማን እጅ ነው?» አለ።

የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ ከወንድሜ ጋር አብሮ ያደገ፣ አባቱ ከኛ ማሳ ከፍ ብሎ ፓፓያ የሚያለማ። አሁን የቀበሌ ጥበቃ ሆኖ አሮጌ ጠመንጃ ተሸክሟል። ጥበቃ በመሆኑ ከኮታው ተርፏል፤ በሱ ፈንታ ግን ሌላ ሰው ማምጣት እንዳለበት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

መልስ ለመስጠት የሚበቁ ሁለት ወንዶች፣ አባዬና ወንድሜ፣ አጠገቤ ነበሩ። እኔ ቀደምኳቸው። «የወንድሜ ነዋ! በዚህ ወንዝ ዳር እንደሱ ያለ እጅ የለም። ሌላ ሰው ከነካው ይሞታል» አልኩት። በጠመንጃው ሲኮራብን ታይቶኝ ተናድጄ ነው። በማላምንበት ሕግ ፎከርኩበት።

«ጥሩ ነው» አለ። መደቡን አየ፤ ወንድሜን አየ፤ ከዚያ ሄደ። እማዬ ከቤት ወጥታ «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» አለችኝና ተመልሳ ገባች።

ዘሩ ብቅ ባለ ማግስት ጥበቃው ወረቀት ይዞ መጣ። ወንድሜ ሰኞ ጠዋት ለስብሰባ ቀበሌ እንዲገኝ ይላል። ስብሰባው ምን እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። እሁድ ጎሕ ሲቀድ እማዬ ልጇን ቀስቅሳ፣ በየሦስት ቀኑ ከዋሂል ወተት ከምታመጣው ሴት ጋር በጭነት መኪና አሳፍራ ሰደደችው። ይህችን ሴት «አደ» እንላት ነበር፤ በኦሮምኛ የአክብሮት መጥሪያ ነው። አባዬን ማንም አላማከረውም። ሲነሣ የልጁ አልጋ ባዶ ነው። ወደ መደቡ ሄዶ እንደ እህል ዘበኛ አጠገቡ ቁጭ አለ።

ሰኞ ጥበቃው ሲመጣ እማዬ «ሥራ ፍለጋ ሄዷል» አለችው።

«የት?»

«መቼ ነግሮኝ?»

ጥበቃው አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። በአጥሩ በኩል መደቡን አይቶ «እንግዲህ ይሄን ማን ያጠጣዋል?» አለ። መልስ ሳይጠብቅ ሄደ። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ እየመጣ አጥሩ ጋ ይቆማል፤ እኛን ሰላም አይልም፣ ቤት አይፈትሽም፤ መደቡን ብቻ ያያል። ምን እንደሚፈልግ የገባት እማዬ ናት። «ዘሪ ዘሩን እንደማይተው ያውቃል። መደቡን ወጥመድ አድርጎታል» አለችኝ። አባዬ መደቡ ላይ የሰሌን ጥላ ሲሠራ አይታ ግን ጮኸች። «ተወው! ይቃጠል! ይቃጠልልኝ! መደቡ ከሞተ ልጄ የሚመለስበት ምክንያት የለውም።»

አባዬ ጥላውን ሠርቶ ጨረሰ። ውኃ ግን አልነካም፣ እኔንም አላስነካ። «ይመጣል» ይላል። «ትንሽ ይቆይ እንጂ ይመጣል።»

ሁለት ቀን ቻልኩ። የድሬ ፀሐይ ለሰው አይራራም፣ ያውም ለጥፍር ለማታክል ቅጠል። በሦስተኛው ቀን ሰማዩ ሳይቀላ ተነሥቼ በባልዲ ደፋሁበት። አፈሩ ከላይ ስለሚደርቅ አባዬ አላወቀም። ችግኙ ግን አወቀ። በማግስቱ የዳር ዳሩ ወገቡ ቀጥኖ ተኝቷል። አንድ አፍታ፣ እውነቴን ነው የምለው፣ ሕጉን አመንኩ። እጄን አይቼ ፈራሁት።

አደ ወተት ይዛ ስትመጣ በር ላይ ያዝኳት። «መደቡ እየወደቀ ነው፣ ምን ላድርግ ብላለች በይው» አልኳት። ከሦስት ቀን በኋላ መልሱን አመጣች። የወተቱን ዕቃ እያወረደች፣ ድምፅዋን ቀንሳ፣ «ኢንተሎ፣ ስሚኝ» አለች፤ ልጄ ማለቷ ነው። «ወንድምሽ ውኃ አበዛሽበት ይላል። ሣሩን አንሺ፣ አመድ ነስንሺ፣ ፀሐይ ሳይወጣ በጣሳው ብቻ አጠጪ። ደሞ ለአባትሽ ንገሪው ብሏል። እኔ ነኝ ያጠጣሁት በይው፣ ዋላሂ እንዳትደብቂው ብሏል።»

የመጀመሪያውን አደረግሁ። ሁለተኛውን አላደረግሁም። ለምን? ፈርቼ ብል ግማሽ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ኩራት ነው። አራተኛው ቅጠል ይውጣ፣ ያኔ እጁን ይዤ መደቡ ጋ አቁሜው «ይሄ የማን እጅ ነው?» እለዋለሁ ብዬ አሰብኩ። ቃሉን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። ዝም አይነቅዝም ይላሉ አበው። የኔ ነቀዘ።

በአራት ቀን ውስጥ መደቡ ቀና አለ። የቀረው ግማሹ ነው፤ እሱ ግን ወፍራም፣ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ቆመ። አንድ ማለዳ አባዬ ከቤት ጓሮ ጠርቶኝ ፊቱ በርቶ አየሁት። ወንድሜ ከሄደ ወዲህ እንደዚያ ሆኖ አላየሁትም።

«መጥቷል» አለኝ በሹክሹክታ።

«ማን?»

«አሁን እውነት አታውቂም? እጁን አላውቀውምና ነው? እየመጣ አጠጥቶ ይሄዳል። ለእናትሽ እንዳትነግሪ፣ በድንጋጤ ትሞታለች።»

አፌን ከፈትኩ። ያ ምላሴ፣ ለጥበቃ የማይመለሰው፣ ለአባቴ ሦስት ቃል ማውጣት አቃተው። «እሺ» አልኩ።

በዚያው ቀን ምሽት ላይ አባዬ የራሱን እራት ሳይበላ ይዞ ወጣ። እማዬ የጋገረችው ሙፎ፣ የማሽላ ዳቦ ነው፣ ከሦስት አራት ተምር ጋር። በቆርቆሮ ሳህን አድርጎ ከመደቡ ራስጌ ካለችን አንዲት ፓፓያ ሥር አስቀመጠው። ጎሕ ሲቀድ ላጠጣ ስወጣ አገኘሁት። ሳህኑ ፊት ቆሜ ማሰብ ያዝኩ። ሳላነሣው ብሄድ አባዬ ልጁ እንዳልመጣ ያውቃል። ፊቱ ታየኝ። ወስጄ ልጥለው ብል ደግሞ ዳቦ መጣል እንዴት ይሆንልኛል? ዱቄት በቀበሌ ካርድ ነው የምናገኘው። ስለዚህ ቁጭ ብዬ በላሁት። አልራበኝም ነበር ብል ውሸት ነው። ተምሩን እንኳ አላስተረፍኩም። ሰባት ምሽት አስቀመጠ፤ ሰባት ጠዋት በላሁ። አባዬ እየከሳ ሄደ፤ እኔ ግን ጉንጬ ሞላ። እያንዳንዱን ቀን «ነገ እነግረዋለሁ» እል ነበር።

በስምንተኛው ቀን ጥበቃው እንደ ወትሮው አጥሩ ጋ ቆመ። መደቡን ረጅም ጊዜ አየ። ቀጥሎ ከፓፓያው ሥር ባዶውን ሳህን አየ። እኔ ውኃ እየሳብኩ ነበር። ገመዱ እጄ ላይ ቀረ።

«ድኗል» አለ። ፈገግ አላለም። የማለዳውን ጸሎት እንደጨረሰ ሰው ረጋ ብሎ ተመለሰ።

በማግስቱ ከሁለት ሰዎች ጋር መጥቶ አባዬን ወሰደው። ልጁ እስኪመጣ ቀበሌ ይቆያል ተባለ። እማዬ ነጠላዋን እንኳ ሳትደርብ ተከተለች። እኔ ግን ቤት ቀረሁ። ከሰዓት በኋላ ነው የደረስኩት፤ አዳራሹ በቆርቆሮ ክዳኑ ሙቀት ይነዳል። ሊቀመንበሩ ከጠረጴዛው ኋላ፣ ጥበቃው በሩ ላይ፣ አባዬ አግዳሚ ላይ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

«ያጠጣሁት እኔ ነኝ» አልኩ። ማንንም ሰላም አላልኩም። «ወንድሜ አልመጣም። አንድም ቀን አልመጣም። ምግቡንም የበላሁት እኔ ነኝ።»

ሊቀመንበሩ ወደ ጥበቃው ዞረ። ጥበቃው «አይደለም» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። «ራሷ ናት የነገረችኝ፣ ጓድ። ሌላ እጅ ከነካው ይሞታል ብላኛለች። እኔም የአትክልት ሰው ልጅ ነኝ። ያ መደብ ወድቆ ነበር፤ አይቼዋለሁ። የሚያነሣው ዘሪው ብቻ ነው።»

እስካሁን የሚከነክነኝ ይህ ነው፤ ጥበቃው አልዋሸም። ሊጎዳን ፈልጎ ይሆናል፣ ኮታውን ሊሞላ ፈልጎ ይሆናል፤ የተናገረው ግን ከልቡ የሚያምነውን ነበር። ወደ አባዬ ዞርኩ። እሱ ያምነኛል ብዬ። አባዬ ዓይኑ እንባ አቅርሮ አየኝ፤ በኩራት ነው ያየኝ።

«ተይ ልጄ» አለኝ። «እኔን ለማዳን ብለሽ አትዋሺ። ኃጢአት ነው።»

በዚያ አዳራሽ መጮህ፣ ፀጉሬን መንጨት ፈለግሁ። እማዬ ጎትታ አወጣችኝ። ደጅ ቆመን ጉንጬን በሁለት እጇ ይዛ አየችኝ። «በልተሽዋል» አለች። እሷ አመነችኝ። ነገሩን እስክትሞት ድረስ ዳግም አላነሣችውም።

አደ ወሬውን ወሰደች። አባዬ በታሰረ በአራተኛው ቀን፣ ሰው ሁሉ ከፀሐይ በተሸሸገበት በቀትር፣ ወንድሜን በደቻቱ ደረቅ አሸዋ መሐል ሲመጣ አየሁት። በድልድዩ አልመጣም። አልሮጠም፣ አልተደበቀም። ጫማውን በእጁ ይዞ በባዶ እግሩ ነው የሚራመደው፤ አሸዋው እንዴት እንዳላቃጠለው እንጃ። አጥሩን ዘሎ መደቡ ጋ ተንበረከከ።

«አራተኛው ቅጠል ወጥቷል» አለ። «እጅሽ ጥሩ ነው። ነገርሽው?»

«ነገርኩት፤ ዘግይቼ ነው። አላመነኝም።» ማልቀስ ጀመርኩ። «ተመለስ። እባክህ ተመለስ። ሽማግሌ ነው፣ ይለቁታል።»

«ሽማግሌ ስለሆነ ነው እንጂ የመጣሁት» አለ። ጣሳውን ከጉድጓዱ ባልዲ ሞልቶ መደቡን ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ አጠጣው። ችግኝ በቀትር ውኃ አይሰጠውም፣ እሱም ያውቃል። «ሲመሽ አዛውሪው። ሥሩን ከነአፈሩ ያዢው፣ እንዳትጎትቺው» አለኝ። ጫማውን አደረገና ወደ ቀበሌው አብረን ሄድን።

አዳራሹ ውስጥ ሊቀመንበሩ ስሙን መዝገብ ላይ ሲጽፍ፣ ጥበቃው «እየመጣህ ታጠጣ ነበር፣ አይደል?» አለው። ለማረጋገጥ ነው፤ ለራሱ። ወንድሜ እኔን አየ። ከዚያ አባዬን አየ፤ አባዬ ከአግዳሚው ብድግ ብሎ፣ ኮፍያውን ጨብጦ፣ አፉን ከፍቶ መልሱን ይጠብቃል።

«እመጣ ነበር» አለ ወንድሜ።

አባዬ ተመልሶ ተቀመጠ። በዚያ ሁሉ መከራ መሐል ፊቱ ላይ ደስታ አየሁ። ሸራ የለበሰችው መኪና ወንድሜን ጭና አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በድልድዩ በኩል ሄደች። እኔ ቤት ገብቼ እንደታዘዝኩት ችግኙን አዛወርኩ። አንዱም አልተቀጨብኝም።

ቲማቲሙ እንደዚያ ዓመት አፍርቶ አያውቅም። ሰው ከመጋላ ሰፈር ድረስ እየመጣ ያይ ነበር። አባዬ ለመጣው ሁሉ፣ አጥሩን ተደግፎ፣ ልጁ ከዋሂል ድረስ በጨለማ እየተመላለሰ ሰባት ጠዋት እንዳጠጣለት ይናገር ነበር። ከወንድሜ አንድ ደብዳቤ መጣ፤ ከሰሜን ነው፣ ሦስት መስመር። ከዚያ በኋላ ምንም። ደርግ ሲወድቅ የሌላው ሰው ልጆች በእግራቸው እየተጎተቱ ገቡ። የኛ አልገባም። አባዬ ከዚያ ወዲያ ዘር አልያዘም፤ በየመጋቢቱ ጨርቁን ፈትቶ ለኔ ይሰጠኛል። «ዝሪ» ይላል። እኔም እዘራለሁ።

አባዬ ሊሞት ሰሞን አእምሮው ይመጣል፣ ይሄዳል። አንድ ከሰዓት በኋላ ሾርባ ሳጎርሰው ማንኪያውን በእጁ ገታ አደረገ።

«ያኔ የማስቀምጥለትን ሙፎ» አለ፣ «ተምሩንም... በልቶት ነበር አይደል? ወይስ ውሻ ነው የበላው? አንዳንዴ እጠራጠራለሁ።»

እውነቱን ከነገርኩት ልጁ አንድም ጊዜ እንዳልመጣለት ይሰማል። ካልነገርኩት ወንድሜን የወሰደው የኔ ዝምታ እንደሆነ ሳይሰማ ይሞታል። የቱን ለማን ብዬ እንደመረጥኩ ዛሬም አላውቅም።

«በልቶታል፣ አባዬ» አልኩት። «በየጠዋቱ ሳህኑን የማነሣው እኔ አልነበርኩ? ምንም አያስተርፍም ነበር።»

እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀና አፉን ለሾርባው ከፈተ።